የዓባይነሽ ስፌት

ጋሽ ቢሻው በ1999 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ሳምንት እንዳለፈ፣ የቀፎ ገመድ መወርወር አቆሙ።

በከፋ ጫካ ቀፎ የሚሰቀለው በገመድ ነው። ከገመዱ ጫፍ ከበድ ያለ ነገር ይታሰርና ወደ ላይ ይወረወራል፤ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ተሻግሮ በወዲያኛው ጎን ከወረደ፣ ሰውም ቀፎም በዚያው ገመድ ይወጣል። የጋሽ ቢሻው ቀረሮ ግንዱ ሽቅብ የተመዘዘ፣ የመጀመሪያ ቅርንጫፉ ከደብሩ ጉልላት በላይ የሆነ ዛፍ ነው። በዚያ ሚያዝያ ሽማግሌው ደጋግመው ወረወሩ፤ ገመዱ ግንዱን እየመታ እግራቸው ሥር ተመለሰ። ትከሻቸውን ይዘው ጥቂት ቆሙና ገመዱን ለወንድማቸው ልጅ ለማሙሽ ሰጡት። ማሙሽ በአንድ ውርወራ አሻገረው።

መወርወር ያቆመ ሰው ዛፉን ለወራሽ ያስረክባል። በአገሩ ቋንቋ ኮቦ የሚባለው የጫካ ይዞታ የሚተላለፈው በሽማግሌዎች ፊት፣ ከዛፉ ሥር ነው። ባለቤቱ ከገመዱ ጫፍ የሚታሰረውን ክብደት አንሥቶ በወራሹ መዳፍ ላይ ያኖረዋል፤ ነገሩ በዚያ ያልቃል። ቀኑ ለግንቦት ልደታ ተቆረጠ። ወራሹ ማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጋሽ ቢሻው ወንድ ልጅ አልወለዱም፤ ማሙሽ ደግሞ እንደ ጉሬዛ ዛፍ የሚወጣ ጎረምሳ ነው።

ማሙሽ ያሰበውን አይደብቅም። «የእኔ ሐሳብ ባጃጅ ነው» ይል ነበር። «ንብ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም። ዛፉን ለሺሺንዳ ከተማው ማር ነጋዴ በኮንትራት እሰጠዋለሁ፤ እሱ ይነደፍልኝ።» ነጋዴው ማር ሲቆርጥ ለንቡ ቀለብ የማይተው፣ የያዘውን ዛፍ ሁሉ ባዶ ቀፎ አንጠልጥሎ የሚተው ሰው እንደሆነ አገር ያውቃል።

የጋሽ ቢሻው አንድ ልጅ የሺሃረግ ይህን ሰማች። በቦንጋ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ከመንደር ወጥታ፣ ከተማ ተቀምጣ፣ ትምህርቷን የጨረሰችው በዚያ ዛፍ ማር ነው፤ ይህንንም አንድ ቀን ረስታው አታውቅም። ዛፉን ትፈልገው ነበር። ነገር ግን ሴት የቀፎ ገመድ ስትይዝ ታይቶ አይታወቅም፤ እሷም ያልተጠየቀችውን የምትናገር ሰው አልነበረችም። ምኞቷን እንደ ያዘች ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ክብደቱን ቤተሰቡ «ኳሱ» ይለዋል። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ጭብጥ የሚያህል የቆዳ ድቡልቡል ነው። ከውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። የጋሽ ቢሻው እናት እማማ ዓባይነሽ በሕይወት ሳሉ ከቤቱ ጣሪያ ሥር፣ ከአግዳሚው ላይ አንጠልጥለውት ይኖር ነበር፤ የአባትህ ቃል ኪዳን ነው ከማለት በቀር ስለ እሱ ብዙ አይናገሩም። አንድ ሕግ ብቻ ትተው ሞቱ፤ ቆዳው አይቀደድ፣ ሲያረጅም ሌላ ጥሬ ቆዳ ይደረብበት እንጂ አሮጌው አይገፈፍ። ጋሽ ቢሻው እናታቸው ካረፉ በኋላ ኳሱን ከአግዳሚው አወረዱት። ከባድ ነው፣ ድቡልቡል ነው፣ ለገመድ ጫፍ የተፈጠረ ይመስላል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ወረወሩት። ቆዳው በሳሳ ጊዜም፣ እናታቸው ባለበሱት ላይ ሌላ ደርበው ሰፉበት። ስለ ውስጡ የሚወራው ብዙ ነበር፤ ወርቅ ነው የሚሉ ነበሩ። ማሙሽ ግን «የአያቴ መንጋጋ ጥርስ ነው፤ ሲናደዱ ያፋጩት የነበረው» ይላል።

ያን ዓመት አገሩ ሁሉ ለሚሊኒየሙ ሽር ጉድ ይል ነበር። አብነት የሚባል የባህል ጽሕፈት ቤት ኤክስፐርት፣ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የታሪክ ምሩቅ፣ ስለ ጫካ ማር የሚያሳይ ኤግዚቢሽን እንዲያዘጋጅ ታዝዞ የሺሃረግን ለመናት። እሷም አባቷን ለመነች። ጋሽ ቢሻው ኳሱን ከገመዱ ፈትተው ሰጧት።

«ለልደታ ይመለስ» አሉ። «ቆዳውም እንዳይነካ። ይህን ለዚያ ልጅ ደግመሽ ንገሪው፤ የተማረ ሰው ነገር መፍታት ይወዳል።»

ጋሽ ቢሻው አልተሳሳቱም። አብነት ኳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በሁሉም ጎን አገላበጠው፤ በጣቱ አንኳኳው። ከዚያ ከመሳቢያው ምላጭ አወጣ።

«መምህርት፣ ምን ብዬ ልጻፍበት? ‹የገመድ ክብደት፣ ይዘቱ ያልታወቀ›? ኃላፊዬ ይስቁብኛል። በስፌቱ በኩል ትንሽ ብከፍተው፣ አይቼ መልሼ እሰፋዋለሁ። ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች የሺሃረግ፤ እጇንም በኳሱ ላይ አኖረች።

«አባትሽ እኮ እዚህ የሉም።»

«ስለሌሉ ነው እጄን ያኖርኩት።»

አብነት ምላጩን ወደ መሳቢያው መለሰ። ቅር ብሎታል፤ ግን መልካም ልጅ ነበርና አልተጨቃጨቀም። ቅሬታውን ያየችው የሺሃረግ ነገሩን አሰላሰለች። ሰው ሆዱ ሳይቀደድ ውስጡ የሚታይበት ቦታ አለ። የልጅነት ጓደኛዋ ተሾመች ደግሞ በሆስፒታሉ የራጅ ባለሙያ ናት።

በማግስቱ ጠዋት እሷና አብነት ኳሱን በመሐረብ ጠቅልለው ከራጅ ክፍሉ በር ላይ ተሰለፉ። ከፊታቸው እጁን በጨርቅ ያንጠለጠለ ገበሬ፣ ከኋላቸው ከባጃጅ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷን የያዘች ወጣት ነበረች። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ተሾመች ኳሱንም ሰዎቹንም አየችና ወገቧን ያዘች።

«የሺ፣ ይሄ ነው ሕመምተኛው?»

«እሱ ነው።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ስም የለውም።»

«ዕድሜ?»

«ከአባቴ ብዙም አያንስም።»

«ምኑን ነው የሚያመው?»

«እሱን አይደለም፤ ይሄን ልጅ ነው የሚያመው» አለች የሺሃረግ ወደ አብነት እያመለከተች። «ውስጡን ካላየ እንቅልፍ የለውም።»

ተሾመች እየሳቀች ኳሱን ከፊልሙ ሣጥን ላይ አጋደመችው፤ ሁለቱን አስወጥታ ከግድግዳው ኋላ ቆመች፤ እንደ ልማዷም «ትንፋሽ ያዝ!» ብላ ጮኸች። በኮሪደሩ ያለው ሰልፈኛ ሁሉ ሳቀ። እጁ የተሰበረው ገበሬ እንኳ ሕመሙን ረስቶ «አይተንፍስባችሁ ብቻ!» አለ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ አብነት ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው። ከቆዳው ውስጥ ያለውን ብረት ጨረሩ ሊያልፈው አልቻለም፤ መካከሉ እንደ ነጭ እንቁላል ሆኖ ቀርቷል። ጠርዙ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ገላው እንደ አናናስ የተሸነሸነ ነው። ከጎኑ አንድ ረጅም ምላስ ተጋድሟል። ከጫፉ ላይ ሁለት ጆሮዎች ቆመዋል፤ በጆሮዎቹ ላይ ያለው ቀዳዳ ባዶ ነው።

አብነት ፊልሙን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ተሾመች፣ ኳሱ የት ነው?»

«ባስቀመጥኩት ቦታ፤ ምን ሆንክ?»

«ማንም አይንካው። በሩ ይዘጋ። እባክሽ ሕመምተኞቹን ከኮሪደሩ አውጪልኝ፤ ቶሎ፣ ግን ሳታስደነግጪ።»

ግቢው ባዶ ሆነ። ፖሊስ መጣ፤ የራጅ ክፍሉ ዙሪያ በአሸዋ ከረጢት ታጠረ፤ ወደ ጅማ ስልክ ተደወለ። ፈንጂ የሚያመክን ወታደር በማግስቱ እንደሚደርስ ተነገረ። ተሾመች ከአጥሩ ውጭ ቁጭ ብላ «ትንፋሽ ያዝ አልኩት እኮ!» እያለች አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ታለቅሳለች። የሺሃረግ ግን እንባም ሳቅም አልመጣላትም። የምታስበው ሌላ ነበር። በልጅነቷ አሻንጉሊት አልነበራትም፤ ያንን ኳስ በነጠላ አዝላ፣ እሹሩሩ እያለች፣ ከደጃቸው እስከ ወንዙ ትመላለስ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ቢሻው ከማሙሽ ጋር በሚኒባስ መጡ። አብነት ወንበር አቀረበላቸውና ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንሥቶ፣ እንደ አባት አክብሮ፣ ከመጀመሪያው አንሥቶ አስረዳቸው። የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው ጣሊያን ከጅማ በወጣበት በ1933ቱ ዘመቻ ላይ ነበርና ነገሩን ያውቀዋል።

ይህ የእንግሊዞች የእጅ ቦምብ ነው አላቸው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወታደሩ ምሽግ ለምሽግ ሲፋጠጥ፣ እንግሊዞች የሚወረውሩት ደኅና ቦምብ አልነበራቸውም። የማርማላታ ቆርቆሮ ባሩድና ምስማር ሞልተው፣ ክሩን በክብሪት ለኩሰው ይወረውሩ ነበር። ዝናብ ሲጥል ክብሪቱ እምቢ ይላል፤ ክሩ ያጠረ እንደሆነም ወርዋሪውን ይበላል። አንድ የበርሚንግሃም ባለ ፋብሪካ ነው፣ የአንድ ቤልጅጋዊ መኮንን ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ፣ ክብሪት የማይፈልገውን ይህን ያወጣው። ሚሊዮኖች ተሠርተዋል። ሽንሽኑን ብዙ ሰው ሲፈነዳ እንዲበታተን የተደረገ ይመስለዋል፤ ሠሪው ግን ጭቃ በነካው እጅ እንዳያዳልጥ ነው ብሎ ነበር ይባላል። በ1933 ከኬንያና ከናይጄሪያ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ኦሞን ተሻግሮ ወደ ጅማ ሲገሠግሥ ይዞት ነበር፤ አብረውት ለተዋጉ አርበኞችም ሳይደርሳቸው አልቀረም።

«ከሆዱ ውስጥ በብረት ሞላ የተወጠረ መቺ አለ» አለ አብነት በጣቱ እያሳየ። «መቺው እንዳይወርድ የሚያግደው ይህ ምላስ ነው። ምላሱን ደግሞ ባለ ቀለበት መርፌ ይይዘዋል። ወታደሩ ምላሱን በመዳፉ ጨብጦ ቀለበቱን ይነቅላል። እስከ ጨበጠው ድረስ ምንም የለም። ሲለቀው ምላሱ ተፈናጥሮ ይሄዳል፣ መቺው ይወርዳል፣ ክሩ ይያያዛል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት አያስደግምም።»

ጋሽ ቢሻው ፊልሙን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«መርፌው የታለ?»

«የለም፣ ጋሼ። ቀዳዳው ባዶ ነው። ተነቅሏል።»

«ታዲያ ምላሱን ይህን ሁሉ ዘመን ማን ያዘው?»

አብነት ከመመለሱ በፊት ወደ የሺሃረግ አየ። «ቆዳው» አለ።

ሽማግሌው ፊልሙን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አባቴ ከጦርነት የገባ ቀን አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው» አሉ። «ቀኝ እጁን ጨብጦ ነው የመጣው። ማንንም በቀኙ አልሳመም፣ አልጨበጠም። ምግብ ሲቀርብ እናቴ አጎረሰችው፤ ጎረቤት ‹ወልደ ማርያም ሙሽራ ሆኖ ተመለሰ› እያለ ሳቀበት። ከዚያ ሰው ሲሄድ እናቴ በሩን ዘጋች። የተነከረ ጥሬ ቆዳ አወጣች፤ ወስፌና ጅማት ይዛ ከፊቱ ተንበረከከች። በእጁ ላይ ሰፋች። አንድ ስፌት ትሰፋና አንድ ጣቱን ታስለቅቀዋለች፤ በለቀቀው ጣት ቦታ የራሷን ታስገባለች። ቁስል የምታስርለት መስሎኝ ነበር። ሲያልቅ እሱ እጁን አወጣ፤ እሷ በሁለት እጇ ጨብጣ ከእሳቱ ዳር ተቀመጠች፤ ቆዳው ደርቆ እስኪጨብጥ ድረስ።»

«ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ እኮ እንደ ጉጠት ነው» አለ ማሙሽ በዝግታ፤ ያን ቀን ያለ ቀልድ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

«ለምን አልነገሩዎትም?» አለ አብነት።

«እንጃ፣ ልጄ። ለምን ወርውሮ እንዳልጣለውም አላውቅም፤ አባቴ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ጊዜው መሣሪያ የሚፈተሽበት ነበር። ደግሞ ሕፃን ልጅ ቦምብ ነው ቢሉት ይተወዋል? አትቅደድ ብቻ አለችኝ። አልቀደድኩም።»

የጅማው ወታደር አሥር አለቃ ደጉ የሚባል፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነበር። ፊልሙን አይቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ ኳሱን በአሸዋ ሣጥን አቅፎ ሲወጣ እርምጃው የጽላት ተሸካሚ ይመስል ነበር። ከከተማው ውጭ፣ ድንጋይ ከሚወጣበት ገደል ሥር አስቀመጠው። ጋሽ ቢሻው ከፖሊሶቹ ጋር ራቅ ብለው ቆመው ነበር። ወታደሩ ሲመለስ አንድ ነገር ጠየቁት።

«ልጄ፣ ቆዳውን ልታተርፍልኝ አትችልም? የእናቴ እጅ ነው።»

«አባቴ፣ ሌላ ማናቸውንም ነገር እሺ ባልኩዎ» አለ አሥር አለቃ ደጉ። «እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ማሰሪያ አይቻለሁ። እንደዚህ ያለ አላየሁም። ከፈታሁት እኔም አልተርፍም። አብሮ ይሂድ፤ ሥራውን ጨርሷል።»

ፍንዳታው ገደሉን አናወጠው፤ ከጫካው ጦጣዎች ጮኹ፤ አቧራው ተነሥቶ ቀስ ብሎ ተበተነ። ጋሽ ቢሻው ወደ ገደሉ ዞረው ጎንበስ አሉ።

«እማዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «የወለድሽኝ አንድ ጊዜ ነው ብዬ ነበር።»

አብነት ከየሺሃረግ ጎን ቆሞ ነበር። «መምህርት፣ እጅሽን ስላኖርሽበት» አለና እጇን በሁለት እጁ ይዞ ሳመ። እሷም ስለዚያ ምላጭ ከዚያ ወዲያ ለማንም አላወራችም። ምስጋናው ይበቃት ነበር፤ እሷም ፊልሙን ያነበበላትን ሰው የምታመሰግንበት ቃል ገና አላገኘችም ነበር።

እስከ ልደታ በቀሩት ቀናት የሺሃረግ ስለ አያቷ ስታስብ ሰነበተች። አላወቀቻቸውም፤ ከመወለዷ በፊት አርፈዋል። ግን ጀርባዋ ላይ አዝላ ያደገችው የእሳቸውን ጭብጥ ነው። ለአያቷ ያላት ምስጋና ወሰን አልነበረውም። ያም ሆኖ ከምስጋናው ሥር አንድ ሐሳብ እየተመላለሰ አስቸገራት። እማማ ዓባይነሽ ሕጉን ተናገሩ፤ ምክንያቱን ግን ይዘውት ሄዱ። ዝምታቸው ሰው ያልጎዳው ስፌቱ ስለ ጠነከረ ነው። ሰው ሁሉ እንደዚያ አይሰፋም። እሷ በልቧ የያዘችውን የሚይዝላት ቆዳ የለም።

የግንቦት ልደታ ዕለት ሽማግሌዎች ከቀረሮው ሥር ተቀመጡ። ንፍሮው ተበላ፤ ጠጁ ተቀዳ። የኳሱ ወሬ ከቦንጋ ቀድሞ ስለ ደረሰ ከምርቃቱ ይልቅ የሚበዛው «ተመስገን» ነበር። አንዱ ያን ኳስ የተቀባበለበትን፣ ሌላው ልጆቹ የረገጡበትን ቀን እያስታወሰ ያማትባል። ማሙሽ ከፊት ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ተቀምጧል። ከሁሉ የሚበልጡት አቶ ከፈለኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ቢሻው፣ እግዚአብሔር ከክፉ አውጥቶሃል። ግን የምታስጨብጠው የለህም። በምን ታስረክባለህ?»

«ድንጋይ አይጠፋም» አለ ሌላው።

«ኧረ እኔ ከእንግዲህ ድንጋይም ቢሆን ራጅ ሳይነሣ አልቀበልም!» አለ ማሙሽ። ሽማግሌዎቹ እስኪያነቡ ሳቁ።

ሳቁ ሳይበርድ የሺሃረግ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች።

«አባባ» አለች። «ዛፉን እኔ እፈልገዋለሁ።»

ሳቁ ቆመ።

«ምን አልሽ?» አሉ አቶ ከፈለኝ።

«ዛፉን እፈልገዋለሁ፤ ከድሮም እፈልገው ነበር። መወርወር አልችልም፤ መውጣትም አልችልም። ማሙሽ እሺ ካለኝ እሱ ይውጣልኝ፤ ከማሩ ድርሻ አለው። አቆራረጡ ላይ የምታዘው ግን እኔ ነኝ። ለንቡ የሚገባው ይቀራል። ለሺሺንዳ ሰው አይሰጥም።»

«ሴት ኮቦ ይዛ አይተን እናውቃለን?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ሴት ይዛ አይተናል» አሉ አቶ ከፈለኝ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። «ዓባይነሽ ምን እንደያዘች ነው ያላየነው።»

ሁሉም ወደ ማሙሽ ዞሩ። ማሙሽ አንገቱን አከከ፤ ሽቅብ ወደ ቅርንጫፉ፣ ቀጥሎም ወደ አጎቱ ልጅ አየ።

«አንቺ ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው አፍሽን ሰፍተሽ? ነጋዴውን እኮ እኔም አልወደውም» አለ። «ለንቡ የምትተዪ ከሆነ ለእኔም ትተዪልኝ፤ ሌላ ምን እላለሁ።»

ጋሽ ቢሻው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ሄዱ፤ ባዶ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው የእሷን ቀኝ ጨበጡ። ጨብጠውም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

«ከዛሬ ጀምሮ ዛፉ የየሺሃረግ ነው፤ ገመዱን ማሙሽ ይወረውራል» አሉ።